ደፋችን የነበረው ድንጋይ

ሱቃችንን እንድንለቅ የተነገረን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በእኛ መደዳ ያለን ነጋዴዎች በአክሲዮን ሕንፃ ለማሠራት ተስማምተን ስለነበር አሮጌዎቹ የቆርቆሮ ሱቆች መፍረስ ነበረባቸው። የእኛዋ ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች፣ ገመድና ኬሻ የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ነበረች። የባለቤቴ አባት ከፈቷት፣ ባለቤቴ ወረሳት፣ እሱ ሲሞት እኔና ልጄ ይዘናት ቆየን። እኔ አሁን ሰባ ዓመት አልፎኛል። ልጄም የሦስት ልጆች አባት ነው።

ዕቃው ወጥቶ አለቀ። መደርደሪያው ተነቀለ፣ በሩም ከነማጠፊያው ወረደ። የቀረው ደፉ ብቻ ነበር። ደፉ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ የበሩን ስፋት ያክላል፣ ላዩም በእግር ብዛት ልሙጥ ሆኗል። የባለቤቴ አባት ሱቁን ሲከፍቱ ከአገራቸው፣ ከሶዶ፣ በጭነት መኪና ያመጡት ነው። የአባቴን መሬት ሳልረግጥ ሱቅ አልገባም ብለው ነበር ይባላል። ልጄ ለአዲሱ ሱቅ ይሆነናል አለና ሁለት ተሸካሚዎች ጠራ። በዲጅኖ ፈነቀሉት። ሲገለበጥ አፈሩ ረግፎ ሆዱ ታየ።

ጎራዴዎች ተቀርጸውበት ነበር። ሦስት ጎራዴ ጎን ለጎን፣ ጫፋቸው ወደ አንድ ወገን የዞረ። ከእነሱ ቀጥሎ እንደ ቅርንጫፍ ያለ ምልክት አለ፤ እሱ ግን ድንጋዩ በተሰበረበት በኩል ግማሹ ቀርቷል።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ እጁን ከድንጋዩ አንስቶ በሱሪው ጠረገ።

«እማማ፣ ይኼ የመቃብር ድንጋይ ነው» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ሸክም ሲከብድህ መቃብር ትላለህ» አለው ጓደኛው።

«እኛ አገር ሞልቷል። ጎራዴው የተቀበረው ሰው በገደላቸው ሰዎች ልክ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች።»

«ሦስት ብቻ? ይኼማ መርካቶ ቢመጣ ኪሱን ነው የሚያወልቁት።»

ልጄ ሳቀ። መቃብር ነው ያለው ሰውዬ ግን አልሳቀም፣ ድንጋዩንም መልሶ አልነካውም። በእሱ ምትክ ልጄ አንዱን ወገን ይዞ ከጓደኛው ጋር ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ቤታችን ግቢ ወሰዱት። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ ስለ ባለቤቴ አባት አስብ ነበር። እኛ ሁላችንም ደፉን ረግጠን ስንገባ፣ ሳልረግጥ አልገባም ያሉት እሳቸው ግን ሳይነኩት ይሻገሩት ነበር። ካረጁ በኋላም ቢሆን የበሩን መቃን በእጃቸው ይዘው እግራቸውን አንስተው ያልፉታል። ጉልበታቸው እያመማቸው ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ አንድ ቀን ጠይቄያቸው «ልማድ ነው» አሉኝ። ከእኔ በቀር የጠየቃቸውም ያለ አይመስለኝም።

ድንጋዩን ከማድ ቤቱ ጀርባ አስቀምጠን ኬሻ አለበስነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ልጄ ፎቶ ሲያነሳው አይቻለሁ፤ እሱ ግን የማያነሳው ነገር ስለሌለ ነገሬም አላልኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በር አንኳኳ። በመልክ አውቀዋለሁ። የድሮ ብርና አሮጌ ዕቃ የሚሸጥና የሚገዛ የሚያገናኝ ደላላ ነው። ጫማውን በሩ ላይ በደንብ ጠረገና ገባ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። በሕንፃው እንኳን ደስ ያለዎት።»

«ገና መሠረቱም አልተቆፈረ።»

«ይቆፈራል። እርስዎም ድንጋይዎን በጊዜ አውጥተዋል።»

«የቱን ድንጋይ?»

ፈገግ አለ። «ልጅዎ ፎቶውን ልኮልኛል እኮ። ገዢው አይቶ በጣም ወዶታል።»

«የት ያለ ሰው ነው?»

«ራቅ ይላል።»

«ድንጋይ ይዞ እንዴት ራቅ ይባላል?»

«እሱን ለእኛ ይተዉልን። ድንጋይ ሲቆረጥ ሸክሙ ይቀላል። የሚፈለገው ጎራዴው ያለበት በኩል ነው፣ ሌላው ምን ያደርጋል።» ከዚያ ተነሣ። «መኪናው ከመስቀል በፊት ይመጣል። እስከዚያው ሰው ባያየው ጥሩ ነው። ጎረቤት ወሬ ይወዳል።»

ሲወጣ ግቢ ውስጥ ልብስ የምታሰጣውን ጎረቤቴን እጅ ነሥቶ ሰላም አላት። እኔ በሩን ዘጋሁና ቆምኩ። እንዳይታይ ያለኝ ነገር ነው ያስፈራኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲረግጠው የኖረ ድንጋይ ዛሬ ለምን ይደበቃል?

ባለፈው ዓመት ወረዳው የሴቶች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አንዲት ወጣት መጥታ ስለ ቅርስ አስረዳችን። እኔ ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። በመጨረሻ ጥያቄ ያለው ስትል አንዷ ተነሥታ «እኔ ቤት ያለው ቅርስ ባሌ ብቻ ነው፣ እሱን መዝግቡልኝ» አለችና ሁላችንም ሳቅን። ሲበተን ወረቀት አደሉን። ያንን ወረቀት የሹካና ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ከሥር አንጥፌው ነበር። አወጣሁት። ዘይት ነክቶታል፣ ግን ይነበባል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ከጥንት የቀረ ነገር ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት ይላል። ያለፈቃድ ከቦታው ማንሳት፣ መሸጥ፣ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው ይላል። ቀጥሎ ስለ እስራት ተጽፏል። ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባለቤቴ አባት ሞተዋል፣ እሳቸውን ማንም አያስርም። ፎቶውን የላከው ግን ልጄ ነው።

ልጄ ሲመጣ እራቱ ቀርቦለት ነበር። ሽሮው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬ ኖሯል፣ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ተወው።

«ደላላው መጥቶ ነበር» አልኩት።

«እህ፣ መጣ? ልነግርሽ ነበር። እማዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው።»

«ድንጋይ ከሆነ ለምን ይቆርጡታል?»

«ማን ነው የሚቆርጠው?»

አለማወቁን ከፊቱ አየሁ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ ጀመረው፣ ሲጨርስ ተቀምጧል።

«ያመጣው አያቴ ነው። እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተ ልሽጥ አልክ።»

ወዲያው ለደላላው ደውሎ መሸጡን ትቼዋለሁ አለው። የደላላው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። አልተቆጣም፣ እንዲያውም ይስቅ ነበር። «ወንድሜ፣ አሁን ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ይቻላል። ግን እሸጣለሁ ብለህ የጻፍከው እኔ ጋ አለ። ፎቶው አለ። ይኼ ሁሉ ዝም ብሎ አይጠፋም። እና አትፍራ፣ የያዝነውን እንጨርስ።» ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ማያው በራሱ እስኪጠፋ ድረስም ያየው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የግቢውን በር በቀንም ቆለፍኩት። ሰው ሲያንኳኳ መጀመሪያ በስንጥቁ ጫማውን አያለሁ። የልጄ ሚስት ምን ሆነው ነው ስትለኝ ወገቤን ነው አልኳት። ማድ ቤት ስገባ ወደ ጀርባው ላለማየት እሞክራለሁ፣ ግን ኬሻው እንዳልተነካ ሳላይ አልመለስም። በቀን ስንት ጊዜ እንደማየው ራሴም አላውቅም።

ሐሳቡን ያመጣው ልጄ ነው። መስቀል ደርሶ ነበር። በመስቀል የአገራችን ሰው መርካቶን ለቅቆ ይወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ያልሄደ እንኳ ይሄዳል። መኪናው ሁሉ እስከ አናቱ ይጫናል፣ ማንም የማንን ጭነት አይጠይቅም።

«እንመልሰው» አለ። «ከነበረበት ብናኖረው፣ አልቆ የለ? ደላላው ሲመጣ ድንጋይ የለም።»

እኔም እውነት መሰለኝ። የሰው ዕቃ ከወሰድክ መልስ፣ ከመለስክ ነገሩ አለቀ፤ ያደግነው እንዲህ ተብለን ነው። ሕግ መመለስንም እንደሚመለከት አላሰብንም። በራሳችን ኬሻ ጠቀለልነው፣ በራሳችን ገመድ አሰርነው። በነጋታው ጠዋት መሳለሚያ ከሚቆመው የአገራችን ልጅ አይሱዙ ላይ አስጫንነው። ከላዩ የሰው ማዳበሪያና ፍራሽ ተደረደረበት። ሰዎቹ ከጭነቱ ጋር ተሳፈሩ። ልጄ ከሹፌሩ ጎን ገባ፣ ለእኔም ቦታ ያዘልኝ።

ከመሳፈሬ በፊት ለባለቤቴ አጎት ደወልኩ። አገር ቤት የቀሩት ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው። ሳያውቁ ድንጋዩን ይዘን ድንገት እንዳንደርስባቸው ብዬ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ ልንነሣ ነው። አንድ የምንመልሰው ዕቃ ይዘናል።»

«ምን ዕቃ?»

«ወንድምዎ ለሱቁ ደፍ ያመጡትን ድንጋይ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ከማሳችን ግርጌ ተሰብሮ የወደቀውን ነው። የቀረው ግማሹ ዛሬም ቆሟል።»

«እንግዲያው እዚያው ጎኑ እናኖረዋለን።»

«የት ጎኑ? ቦታው ታጥሯል እኮ። ዘበኛ አለው። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ገብቷል። ያ ጉማጅም ቁጥር አለው። የላይኛው ግማሹ የት ደረሰ እያሉ እኛን ሽማግሌዎቹን ሲጠይቁን ከርመዋል።»

«ምን አሏቸው?»

«አላውቅም አልኩ። ምን ልበል? ወንድሜ ጭኖ ሄደ ልበል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስሚኝ ልጄ። አጥሩ አጠገብ በኬሻ የታሰረ ድንጋይ ይዛችሁ ብትገኙ፣ ስትመልሱ ነው ወይስ ስትወስዱ ማን ይለያል? በመንገዱም ፍተሻ አለ። ደግሞ ይኼን በስልክ አትንገሪኝ።» ዘጉት።

አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄጄ «የእኛን አውርዱልን» አልኩ።

«እትዬ፣ ከሁሉም ሥር ነው ያለው።»

«አውርዱት።»

«ሰው ተሳፍሯል እኮ! በአራት ሰዓት ከተማ መውጣት አለብኝ።»

ልጄ ወርዶ አጠገቤ መጣ። አጎትየው ያሉኝን በጆሮው ነገርኩት። መኪናው ላይ ወጥቶ ፍራሾቹን ማንሳት ጀመረ። ከላይ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ። «እማማ፣ ቅቤው ቀረ እንዴ?» አለች አንዷ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ከኋላችን ሚኒባሶች ተደርድረው ጡሩምባ ያስጮኹ ጀመር። ድንጋዩን ሦስት ሰው አውርዶ አስፋልቱ ዳር እንዳስቀመጠው አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጣ።

«መንገድ ዘግታችሁ ምንድን ነው?»

«ጨረስን፣ ጨረስን» አለ ሹፌሩ።

ፖሊሱ ኬሻውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ምንድን ነው እሱ?»

ልጄን አየሁት። የኬሻውን ጫፍ በእግሩ ይከልል ነበር። ሹፌሩ ነገሩን ሳያውቅ ሊረዳን ፈልጎ «ወፍጮ ነው ጌታዬ፣ ለአገር ቤት» አለ። ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ። ዝም ብል ያልፈን ነበር። ግን ከዚያስ? ድንጋዩ ተመልሶ ከማድ ቤቱ ጀርባ ይገባል፣ የደላላው መኪናም ይመጣል። የልጄን ክንድ ያዝኩ።

«ወፍጮ አይደለም» አልኩ። «የጥንት ድንጋይ ነው። ለቅርስ መሥሪያ ቤት ልናስረክብ ነው።»

ፖሊሱ መኪናውን አየ። «በአይሱዙ? ይኼ እኮ ወደ ገጠር ነው የሚሄደው።»

«ለዚህ ነው ያስወረድኩት።»

«ፍቱት እስቲ።»

ልጄ ተንበርክኮ ገመዱን ሊፈታ ሞከረ። ዕድሜ ልኩን ገመድ የሸጠ ሰው የራሱን ቋጠሮ መፍታት አቃተው። ሹፌሩ በካራ ቆረጠለት። ጎራዴዎቹ ሲታዩ መኪናው ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ።

«ስለዚህ ሕግ እንዳለ ያውቃሉ፣ እማማ?»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰጠሁት። ዘይት የነካውን ቦታ ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበ። ከዚያ የልጄን ስም ጠየቀና በደብተሩ ጻፈ። «ዛሬውኑ አስረክቡ። አለማስረከባችሁን ብሰማ ሌላ ነገር ነው» አለ። አንድ ትንሽ የጭነት መኪና አስቁሞ ራሱ ቆሞ አስጫነልን።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጄ ወደ እኔ ሳያይ «እማዬ፣ ጨረስሽኝ» አለ። የተቆረጠውን ገመድ እጄ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያገኘችን ባለሙያ ፀጉሯ ነጣ ነጣ ያለ ሴት ናት። ድንጋዩን በጋሪ አስገብተው መሬት ላይ ኬሻ ዘርግተው አስቀመጡላት። አጠገቡ ተቀመጠችና ጓንት አድርጋ በጣቷ ጫፍ ጎራዴዎቹን አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። ቀና ስትል ወደ እኛ ሳይሆን ልሙጡን ጎን ነበር የምታየው።

«ይኼን ያለሰለሰው ምንድን ነው?»

«እግር ነው» አልኳት። «ደፍ ነበር።»

ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ቅጽ አወጣች። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳነሣው፣ መቼ እንደሆነ ጠየቀችን። የማውቀውን ነገርኳት። የአጎትየውን ነገር ስደርስ ቆም አልኩ፣ ከዚያ ግማሹ አገር ቤት ቆሟል ይባላል ብዬ አለፍኩት። ማን አለ አላለችኝም።

«ከእናንተ ሌላ ያየው ሰው አለ?»

ይኼን ጥያቄ ከመሳለሚያ ጀምሮ እየጠበቅሁት ነበር። የለም ማለት እችላለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ የእግዜርን ይቅርታም አብሬ ለምኜ ጨርሼ ነበር።

«እኔ ፎቶ ልኬያለሁ» አለ ልጄ። «ለደላላ። ልሸጠው ብዬ ጽፌያለሁ። ውጭ ላለ ሰው ነው።»

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መቼ?»

«ከሳምንት በፊት።»

«ሊወስደው መጥቷል?»

«ከመስቀል በፊት እመጣለሁ ብሏል።»

ስልክ አንሥታ አነጋገረች። ሁለት ሰዎች መጡና ልጄን በትሕትና ወደ ውስጥ ክፍል ወሰዱት። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «በራሳችሁ አምጥታችሁ ማስረከባችሁን እጽፋለሁ። እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ሌላውን የምወስነው ግን እኔ አይደለሁም፣ እማማ።» ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ድንጋዩ ከተጠና በኋላ ከቆመው ግማሹ ጋር ይገናኝ ይሆናል አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። በዚያ ሰዓት ግን ልቤ ድንጋዩ ላይ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበረ። እዚያ ተቀመጥኩ። ልጄ የገባበት በር እንጨት ነው፣ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ መጣ ብዬ ተነሣሁ፣ አልመጣም። አንዴ አንዱ ሰው ወጥቶ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። አላየኝም። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት አለፈ። እናታቸው ሁለት ጊዜ ደወለች፣ ምን እንደምላት ስላላወቅሁ አላነሣሁም። ወደ ቤት ብቻዬን ብመለስ በሩን ማን እንደሚከፍትልኝና መጀመሪያ ምን ብዬ እንደምጠየቅ አስብ ነበር። ከዚያ በላይ ላለማሰብ የወለሉን ንጣፍ ስንጥቅ በዓይኔ እከተል ነበር።

በሩ ተከፍቶ ልጄ ብቻውን ወጣ።

«ስልኬን አስቀርተውታል» አለ።

«አንተንስ?»

«ለዛሬ ሂድ ብለውኛል። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሲፈልጉኝ ይጠሩኛል።»

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

«ተቆጣሽ?» አለኝ።

«አልተቆጣሁም። ትንሽ ልቀመጥ።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ ቦርሳቸውን ይዘው በፊታችን ያልፉ ነበር። በመጨረሻ ዘበኛው ቁልፍ እያንሿሿ መጣና «እናቴ፣ ልዘጋ ነው» አለ። ልጄ ደግፎ አስነሣኝ።

በዚያ ዓመት ለመስቀል አገር ቤት አልሄድንም። ደላላው ከዚያ በኋላ በራችን አልመጣም፤ ዱባይ ተራ በኩል ታይቷል ያለኝ ሰው አለ፣ አይደለም ያለኝም አለ። ልጄ በዚያ ቀን ስልኩ ስለተያዘ መጥሪያ የሚደርስበት ቁጥር ሲጠይቁት የእኔን ነው የሰጠው። ስለዚህ የሚደወለው ለእኔ ነው። ስልኬን ወጥ ስሠራም ስተኛም አጠገቤ አደርገዋለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲሆን እጄን በቀሚሴ አድርቄ አነሣለሁ። እስካሁን የደወሉት ዘመዶችና ገመድ የሚፈልጉ ደንበኞች ናቸው።